የዋልታ ደለል በዓርብ ገበያ

የታሪክ ተማሪ ሲባል ብራና፣ ደብዳቤ፣ የሐውልት ጽሕፈት፣ እነዚህም ካጡ የሽማግሌ ቃል ይዞ የሚከራከር ሰው ማለት ነው። ስለዚህ የታሪክ ተማሪ ሆነህ በረዶና የባሕር ወለል ምን አገባህ የሚለኝ አንባቢ አይጠፋም። በተለይ የሳይንስ ፋኩልቲ ወዳጆቻችን «ይኼ ደግሞ የራሱን ማሳ ትቶ የሰው እርሻ ገባ» ማለታቸው አይቀርም። ይበሉ። እኔ የማነሣው ድንጋዩን ብቻ አይደለም፤ ድንጋዩን ሰዎች እንዴት እንዳነበቡት፣ ማን በአጠገቡ እንዳለፈ፣ ማን ቆሞ እንዳየው፣ ያዩትም በዕድሜው ላይ እንዴት እንደተከራከሩ ጭምር ነው። ይህ ታሪክ ካልሆነ ታሪክ ምን እንደሆነ ይንገሩኝ።

ነገሩን ከቅርብ እንጀምር። ቦሌ ሚካኤል አካባቢ የፎቅ መሠረት ሲቆፈር ቆሞ ያየ ሰው ከላይ መረሬው እንደሚወጣ ያውቃል፤ ያ በበጋ ተሰነጣጥቆ በክረምት እንደ ሊጥ ኩፍ የሚለው ጥቁር አፈር። ከመረሬው ሥር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ አለ። የአዲስ አበባ ምድር በሥነ ምድር አቆጣጠር ልጅ ነው፣ ዕድሜው ጥቂት ሚሊዮን ዓመት ቢሆን ነው። ከሱ በታች ያለውን የቀድሞውን ዘመን ለማየት ሸለቆ መውረድ ያስፈልጋል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በአውቶቡስ የተጓዘ ሁሉ፣ እንቅልፍ ካልወሰደው በቀር፣ አይቶታል፦ ከላይ ጥቁሩ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ ከሥሩ የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲሉ ጂፕሰም፣ ከታች ደግሞ ቀይ አሸዋ ድንጋይ። የኖራው ድንጋይ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት በላይ የባሕር ወለል ነበር። የሙገር ሲሚንቶ ፋብሪካ በ1976 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር የፈጨው ይህንኑ ወለል ነው። እንግዲህ በቦሌ ቀበሌዎች ከቆሙት ቤቶች ስንቶቹ በባሕር ደለል እንደተገነቡ አስቡት።

ያ ባሕር ግን ሞቃት ነበር። የኖራ ድንጋይ በብዛት የሚነጠፈው ሞቅ ባለና ጥልቀት በሌለው ባሕር ነውና። እኔ የማወራው ስለ ቀዝቃዛው ነው። አገራችን ከዚያ ሁሉ በፊት የዋልታ ጎረቤት ነበረች። ምስክሩም ትግራይ ውስጥ፣ በአድዋና በአዲግራት መካከል ባለው አገር፣ በግላጭ ተዘርግቶ ይገኛል።

ምስክርነቱን ለመስማት መጀመሪያ የዋልታ ባሕር ወለሉን እንዴት እንደሚያነጥፍ ማወቅ አለብን። በእኛ አገር ደለል ሲባል ትዝ የሚለን ዓባይ ነው። ዓባይ ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል፤ አፈርም ይዞ ይዞራል። ነገር ግን ወንዝ ሰፌድ እንደያዘች ሴት ነው፤ እያበጠረ ነው የሚሄደው። ከባዱን ድንጋይ ገደሉ አጠገብ ይጥላል፣ አሸዋውን ሜዳ ላይ ይጥላል፣ የላመውን ጭቃ ደግሞ እስከ ሜድትራንያን ይወስደው ነበር። ስለዚህ የወንዝ ደለል የተለየና የተመረጠ ነው። የበረዶ ግግር ግን ሰፌድ አያውቅም። ከየብስ ወደ ባሕር በቀስታ ሲንሸራተት ከሥሩ ያለውን አለት ይፍቃል፣ ይቦረቡራል፣ ያገኘውን ሁሉ፣ ቤት የሚያህለውንም ቋጥኝ እንደ ዱቄት የላመውንም አፈር፣ አንድ ላይ ጠቅልሎ ይወስዳል። ባሕሩ ጠርዝ ሲደርስ እየተገመሰ ይወድቅና ተንሳፋፊ የበረዶ ተራራ ይሆናል። ዓባይ ግንድ ይዞ እንደሚዞር የዋልታ ባሕር በረዶ ደግሞ ድንጋይ ይዞ ይዞራል ማለት ነው።

ተንሳፋፊው በረዶ ቀስ በቀስ ሲቀልጥ የተሸከመውን ጓዝ ይለቃል። ድንጋዩ ብዙ መቶ፣ አንዳንዴም ብዙ ሺህ ሜትር ወርዶ ወለሉ ላይ ያርፋል። እዚያ የሚጠብቀው ምንድን ነው? ከዳር የራቀ ከሆነ፣ በሺህ ዓመት ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ የሚነባበር ለስላሳ ጭቃ ነው። የጭቃው አንዱ ክፍል በረዶው አለቱን ሲፍቅ የወጣ ዱቄት ነው፤ ከግግሩ ሥር የሚወጣው ውሃ ወተት መስሎ ያወጣዋል። ሌላው ክፍል ሕይወት የነበረው ነው፦ በዛሬው የደቡብ ዋልታ ባሕር ዲያቶም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ እጽዋት መሰል ፍጥረታት በበጋው ብርሃን ይራባሉ፣ ሲሞቱ የመስታወት ጠባይ ያለው ዛጎላቸው እንደ ካፊያ ወደ ታች ይዘንባል። (የዲያቶም ደለል ምን እንደሚመስል ለማየት ዋልታ መሄድ አያስፈልግም፤ በስምጥ ሸለቆአችን ሐይቆች አካባቢ ነጭ ዲያቶማይት ሆኖ ተከምሯል፤ ያ ግን የሐይቅ ነው።) በግግሩ አፍ አጠገብ ሲሆን ነገሩ ይፈጥናል፤ በአንድ ዓመት ብዙ ሴንቲሜትር ሊከመር ይችላል፤ ክምሩ ሲበዛም ተንዶ ወደ ጥልቁ ይፈስሳል።

ዋናው ምልክት ግን ያ ከላይ የወደቀው ድንጋይ ነው። ተነባብሮ በተቀመጠ እንጀራ ላይ ድንጋይ ብትጥሉ ከሥር ያሉት ይጎደጉዳሉ። ከዚያ በላዩ ሌላ እንጀራ ብትደርቡ የላይኞቹ ድንጋዩን እንደ ጉብታ አቅፈው ይተኛሉ። ጭቃው ጠንክሮ አለት ሲሆንም ይህ ቅርጽ አይጠፋም። አንድ ሰው ከመቶ ሚሊዮኖች ዓመታት በኋላ መጥቶ ወረቀት በሚያህሉ ስስ የጭቃ ድርቦች መካከል ባዕድ ግራናይት ተሰክቶ፣ ከሥሩ ያሉትን ድርቦች ጎድጉዶ ካየ፣ ወንዝ አመጣው ሊል አይችልም። ያን ቋጥኝ የሚገፋ ጉልበት ያለው ወንዝ ስሱን ጭቃ እንዴት አድርጎ በቦታው ይተወዋል? ከላይ ነው የወደቀው። ከላይ ድንጋይ የሚጥለው ደግሞ በረዶ ነው።

ይህን የወለል ንባብ ዓለም የተማረው በቅርቡ ነው። ቻሌንጀር የምትባለው የእንግሊዝ መርከብ በታኅሣሥ ወር በ1872 እ.ኤ.አ. ከአገሯ ተነሥታ ውቅያኖሶችን ዞረች። በ1874 እ.ኤ.አ. የካቲት ወር የደቡብ ዋልታን ክበብ ተሻገረች። በኛ አቆጣጠር 1866 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ አፄ ዮሐንስ አክሱም ላይ ከነገሡ ሁለት ዓመት አልፏል። የመርከቧ ሰዎች በዚያ ብርድ ገመድ እየለቀቁ ከወለሉ ጭቃ ጨለፉ። ከጭቃው ጋር ግራናይት፣ ናይስ፣ አሸዋ ድንጋይ የመሳሰለ ስብርባሪ ወጣ። ጆን መሪ የተባለው የመርከቧ ተመራማሪ ከዚህ ተነሥቶ የደረሰበት ድምዳሜ እኔን እስከ ዛሬ ይገርመኛል፦ እንዲህ ያለ ድንጋይ የአህጉር ድንጋይ እንጂ የውቅያኖስ ደሴት ድንጋይ አይደለም፤ ስለዚህ ከዚያ ከበረዶው ወዲያ፣ ማንም ገብቶ ያላየው ትልቅ አህጉር አለ። አህጉሩን ሳያይ ከጣለው ፍርፋሪ አወቀው! መርከቧ በግንቦት 1876 እ.ኤ.አ. አገሯ ስትመለስ፣ በኛ አገር የጉንደትና የጉራ ጦርነቶች ተዋግተው አልቀዋል፤ የጉራው ገና ሦስት ወር አልሞላውም። አንዱ ዓለም የባሕር ወለል ሲጨልፍ ሌላው ደጁን ሲከላከል ነበር። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፤ ዘመኑን አስተያይቶ ማየት የታሪክ ተማሪ ልማድ ስለሆነ ነው። መሪና ሬናር የጥልቅ ባሕር ደለሎችን መጽሐፍ ያሳተሙት በ1891 እ.ኤ.አ. ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። እዚህ ላይ አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ ዊልያም ብላንፎርድ ይባላል። በህንድ የሥነ ምድር ጥናት መሥሪያ ቤት ይሠራ የነበረ እንግሊዛዊ ነው። በ1868 እ.ኤ.አ. የናፒየር ጦር አፄ ቴዎድሮስን ሊወጋ 44 ዝሆን ሳይቀር ጭኖ ዙላ ላይ ሲወርድ፣ ብላንፎርድም ከጦሩ ጋር መጣ። ሠራዊቱ ከሰንዓፈ በአዲግራት፣ በአንታሎ አድርጎ ወደ መቅደላ ሲጓዝ እሱ መዶሻ ይዞ ድንጋይ ይቀጠቅጥ ነበር። መቅደላ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን፤ የንጉሡን ሞት፣ የተዘረፈውን ብራና። ብላንፎርድ ደግሞ በ1870 እ.ኤ.አ. ስለ አቢሲንያ ሥነ ምድርና እንስሳት ያየውን በመጽሐፍ አወጣ። «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ»፣ «የአንታሎ ኖራ ድንጋይ» የሚሉት ስሞች ዛሬም ያሉት ከሱ ነው። እነዚያው ጦረኞች ብራናውን ወሰዱ፣ ለድንጋዩ ግን ስም ሰጥተው ሄዱ።

ነገሩን የሚያስገርመው ሌላ ነው። ይኸው ብላንፎርድ ከወንድሙ ከሄንሪና ከቴዎባልድ ጋር ሆኖ፣ ኢትዮጵያ ከመምጣቱ 12 ዓመት በፊት፣ በ1856 እ.ኤ.አ.፣ ህንድ ውስጥ ታልቺር በሚባል ቦታ በጭቃ ድንጋይ የተቀበሩ ቋጥኞችን አይቶ «ይህን ያመጣው በረዶ ነው» ብሎ የጻፈ ሰው ነው። ሙቀት በሚያቃጥለው ህንድ በረዶ ነበረ ማለት በዚያን ዘመን ድፍረት ይጠይቃል። የታልቺር በረዶ ከዛሬ 300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የነበረው፣ ህንድ፣ አፍሪካ፣ አውስትራሊያ፣ ደቡብ አሜሪካና የደቡብ ዋልታ አህጉር ጎንድዋና በሚባል አንድ ምድር ተያይዘው ሳለ የወረደው ነው። የዚያው በረዶ ወንድም ትግራይ ውስጥ ተኝቷል። ማለትም በዓለም ላይ ያንን ድንጋይ ሊያውቅ የሚችል ሰው ቢኖር እሱ ነበር፤ በአካባቢውም አልፏል። የበረዶውን ወሬ ለዓለም ያሰማው ግን እሱ አልሆነም። የጦር ሠራዊት መንገድ የታወቀ ነው፤ ውሃና ሣር ባለበት ይሄዳል እንጂ ድንጋይ ለሚያነብ ሰው ብሎ አይዞርም፣ አይቆምም። ብላንፎርድ የነበረው ጊዜ አጭር፣ የሄደበትም መስመር አንድ ነበር። ከዚያ በኋላ ለአንድ መቶ ዓመት ያ ድንጋይ ሁሉ ከአዲግራት አሸዋ ድንጋይ ጋር አብሮ ሲቆጠር ኖረ።

መቶ ሦስት ዓመት አለፈ። በ1971 እ.ኤ.አ.፣ በኛ 1963 ዓ.ም.፣ አንድ የእንግሊዝ የሥነ ምድር መጽሔት በሰሜን ኢትዮጵያ የበረዶ ዘመን አለቶች መገኘታቸውን የሚያበሥር አጭር ጽሑፍ አወጣ። ጸሐፊዎቹ ሦስት ናቸው፦ ዳው፣ ቤይት እና ጸጋዬ ኃይሉ። ሦስተኛውን ስም ልብ በሉልኝ። እነዚያ ዓመታት በዩኒቨርሲቲያችን መሬት ለአራሹ ሲባል የነበረባቸው ዓመታት ናቸው፤ ከላይ መሬቱ የማን ይሁን እየተባለ፣ ጥቂት ሰዎች ደግሞ ከሥር መሬቱ ከየት መጣ እያሉ ነበር ማለት ነው።

ሦስቱ ሰዎች በአንድ ላይ ሲቆጠር የነበረውን ለዩት። አሸዋ ድንጋዩን በእንትጮ ከተማ ስም ጠሩት፤ ከበረዶ የወጣውን፣ ያልተለየውን ጭቃና ቋጥኝ ደግሞ በዕዳጋ ዓርቢ ስም። ዕዳጋ ዓርቢ በትግርኛ የዓርብ ገበያ ማለት ነው። ምልክቶቹ ከላይ የተረኩት ናቸው፦ ፊታቸው የተሞረደና የተቧጨረ ድንጋዮች፣ ከሌላ አገር የመጡ ግራናይቶች፣ ከሥር ቅይጡ፣ በላዩ ድርብርቡ ጭቃ፣ በድርቡም ውስጥ ከላይ የወደቁ ድንጋዮች። የትግራይ ፍልፍል አብያተ ክርስቲያናት የተወቀሩት በእንትጮና በአዲግራት አሸዋ ድንጋዮች ውስጥ መሆኑን ላስታውስ። ሰው በነዚህ ድንጋዮች ውስጥ ከሺህ ዓመት በላይ ሲቀድስ ኖሯል፤ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ የጠየቀው ግን ገና በአያቶቻችን ዘመን ነው።

እዚህ ላይ ጠቡ ይጀምራል። ዕድሜው ስንት ነው? በረዶ ራሱ ቀን አይጽፍም። እጩዎቹ ሁለት ነበሩ። አንደኛው ከ445 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት፣ ኦርዶቪሺያን በሚባለው ዘመን መጨረሻ የነበረው በረዶ ነው። ያኔ የደቡብ ዋልታ በዛሬው ሰሜን ምዕራብ አፍሪካ ነበር፤ በ1960ዎቹ ፈረንሳውያን ነዳጅ ፈላጊዎች ሰሐራ ውስጥ፣ አልጄርያ ላይ፣ በረዶ የቧጨረው አለት ማግኘታቸው ዓለምን አስደንቆ ነበር። ሁለተኛው የታልቺሩ ነው፣ 300 ሚሊዮን። በመካከላቸው 145 ሚሊዮን ዓመት አለ፤ ይህ ማለት ከዳይኖሰሮች መጥፋት እስከ ዛሬ ካለው ጊዜ ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። በአክሱም ዘመን አቆጣጠር መቶ ዓመት ብንሳሳት እንዴት እንደምንጣላ ታውቃላችሁ፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ እንዲህ ባለ ልዩነት ነው የሚጣሉት።

በ1983 እ.ኤ.አ. ሳክሴና እና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው ጌታነህ አሰፋ በዚያው መጽሔት አዲስ ማስረጃ ይዘው ቀረቡ። ማስረጃው አጥንት አይደለም፤ ዱካ ነው። አሸዋው ገና የባሕር ወለል ሳለ በላዩ የተሳቡ፣ በውስጡ የቆፈሩ ፍጥረታት የተዉት ፈለግ። ፈለጉ የኦርዶቪሺያን ነው አሉ። ይህ ለኛ ትልቅ ነገር ነበር። በረዶው ሲቀልጥ የባሕር ውሃ ከፍ ይላል፣ ቀድሞ በበረዶ የተፋቀውን ምድር ባሕር ይወርሰዋል፤ እንትጮ ላይ የሆነውም ይኸው ነው፦ ከሥር የበረዶ ቅይጥ፣ በላዩ ጥልቀት የሌለው ባሕር ማዕበል የናጠው አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ የትል ዱካ። በዚያ በረዶ ጊዜ በዓለም ባሕር ከነበሩት ዝርያዎች 85 ከመቶ ያህሉ ጠፍተዋል። እንትጮ ላይ ዱካቸውን የተዉት እንግዲህ የተረፉት ናቸው።

ታዲያ ነገሩ አለቀ? አላለቀም። በ2007 እ.ኤ.አ. ቡሰርት እና ሽራንክ የተባሉ ጀርመኖች ከዕዳጋ ዓርቢው ጭቃ ድንጋይ የእጽዋት ብናኝ አወጡ። አንድ ቁራጭ ድንጋይ በአሲድ አሟሙተው የቀረውን በማይክሮስኮፕ ሥር አዩ። ብናኙ የካርቦኒፌረስ መጨረሻና የፐርሚያን መጀመሪያ እጽዋት ብናኝ ሆኖ ተገኘ፣ ማለትም የ300 ሚሊዮኑ። በ445 ሚሊዮን ዓመት በፊት እንዲህ ያለ ተክል በምድር ላይ አልነበረም፤ ስለዚህ ክርክር የለውም።

ማን ተሳሳተ? በኔ ግምት ማንም። ሁለት በረዶ ነበረ። የእንትጮው አሸዋ ከነበረዶው የኦርዶቪሺያን ነው፤ የዕዳጋ ዓርቢው ቅይጥና ድርብርብ ጭቃ የታልቺር ወንድም ነው። ሁለተኛው በረዶ የመጀመሪያው በተወው ላይ ተንሸራትቶ፣ ቦርቡሮ፣ በቦረቦረውም ሸለቆ ውስጥ የራሱን ጓዝ ስለጣለ ነው ሁለቱ አንድ የመሰሉት። በብራና ላይ የቀድሞው ጽሑፍ ተፍቆ ሌላ እንደሚጻፍበት ማለት ነው። የፍቀትን ብራና ያየ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም፤ መጀመሪያ አንድ እጅ ይመስላል፣ ኋላ ሁለት ይሆናል። የጌታነህ አሰፋና የሳክሴና ዱካ አልተሻረም፣ ቦታው ተለየ እንጂ። ይህን የምለው አንዳንድ ሰው አዲስ ጽሑፍ ሲወጣ የቀድሞውን ሁሉ ወደ ቅርጫት መጣል ስለሚቀናው ነው።

አንድ ነገር ግን ዛሬም ያከራክራል። የዕዳጋ ዓርቢው ድርብርብ ጭቃ የተነጠፈበት ውሃ ምን ነበር? በረዶው በቦረቦረው ሸለቆ የተኛ ሐይቅ? ወይስ በዛሬው ኖርዌይና ግሪንላንድ እንደምናየው በገደል መካከል ወደ የብስ የገባ የባሕር ክንድ? ድንጋይ የሚጥለው በረዶ በሁለቱም ላይ ይንሳፈፋል። ጨው ደግሞ በድንጋይ ውስጥ ያን ሁሉ ዘመን አይቆይም። እኔን ከጠየቃችሁኝ የባሕር ክንዱ ይማርከኛል፤ ይህ ግን የምኞት እንጂ የማስረጃ ነገር አይደለም።

ከሁለቱም በፊት ደግሞ ሦስተኛ አለ። ነጋሽን ሁላችንም እናውቃለን፤ ከመካ ተሰድደው የመጡት የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች የተጠለሉበትና የተቀበሩበት ተብሎ የሚከበር፣ ከውቅሮ በላይ ያለ ቦታ። በዚሁ በነጋሽ ስም የሚጠራ ሌላ ቅይጥ አለት አለ፤ ጭቃና ቋጥኝ ያለ ሰፌድ የተቀላቀለበት። ከሱ ሥር ያለው የተምቤን አለት የባሕር ኖራና ጭቃ ነው። በተምቤኑ አለት ውስጥ የእሳተ ገሞራ አመድ አልፎ አልፎ ተነጥፏል፤ በአመዱ ውስጥ ደግሞ ዚርኮን የሚባል ጤፍ የማታህል ማዕድን አለች፤ በውስጧ ያለው ዩራንየም ወደ እርሳስ የሚለወጥበት ፍጥነት ስለሚታወቅ እንደ ሰዓት ታገለግላለች። በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከነዚህ አመዶች የተገኘው ዕድሜ የዓለም ሁሉ ታላቁ በረዶ ከዛሬ 717 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መጀመሩን ለማረጋገጥ አገልግሏል። ዚርኮኖቹ የተለኩት ባሕር ማዶ ነው፤ እኛ ዘንድ ድንጋዩ አለ፣ ሰዓት የሚያነበው መሣሪያ የለም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ደግሞ ወደ ድንጋዩ መሄድም አልተቻለም።

በዚያን ጊዜ ይህ ምድር በዋልታ አጠገብ አልነበረም፤ ወደ ምድር ወገብ የቀረበ ነበር። ማለት እንደ እንትጮው ዘመን አገሩ ወደ ዋልታ ሄዶ አይደለም፤ ዋልታው ነው ተነሥቶ ወደ ወገብ የመጣው። ተመራማሪዎች ምድር ያኔ ከዳር እስከ ዳር፣ ወይም በጥቂቱ ሲቀር፣ በረዶ ለብሳ እንደነበር የሚናገሩት እንዲህ ያለውን የቆላ ምድር በረዶ ይዘው ነው። በነጋሽ ሥር ያለው የኖራ ድንጋይ ሞቃቱን ባሕር ይናገራል፣ በላዩ ያለው ቅይጥ በረዶውን፤ አንድ ሰው በግማሽ ቀን የእግር መንገድ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል።